ደሴ ላይ ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የፍርድ ቤት ክርክር የሚያወራ ዶክመንተሪ ቤት ውስጥ ሰብሰብ ብሎ ለማየት ምን ምን ማድረግ አለብን

ይሄን የምጽፈው ደሴም ኮምቦልቻም ላላችሁ፣ ይሄን ጉዳይ ከስድብና ከጩኸት ውጪ ቁጭ ብላችሁ ማየት ለምትፈልጉ ነው። የሕግ ተማሪ ሁኑ፣ አስተማሪ ሁኑ፣ ወይ ደግሞ ነገሩ የራሳችሁ ሕይወት የሆነባችሁ ሁኑ፣ ለሁላችሁም ነው። እዚህ አገር ስለዚህ ጉዳይ አስተያየት የሌለው ሰው የለም፣ ግን ክርክሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰማ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም፣ ደጋፊውም ተቃዋሚውም አልሰማውም። ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ዝም ብሎ ካየ በኋላ የሚናገረው ነገር ካላየ ሰው ይለያል ብዬ ከልቤ አምናለሁ፣ ለዛ ነው ልፋቱ የሚገባው። ግን ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ የሚታይ ነገር አይደለም፣ ወጣት ማዕከልም አዳራሽም አይሆንም፣ አዳራሽ ስትጠይቁ ደብዳቤ ጻፉ ትባላላችሁ ደብዳቤው ላይ ርዕሱ ይጻፋል ከዛ በኋላ ያለውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ቤት ነው። ትንሽ ነው። ትንሽ መሆኑ ደግሞ ጉዳት የለውም፣ እንደውም ሰው ደፍሮ የሚጠይቀው ስድስት ሰባት ሰው ሲሆን ነው።

1. ሕጉን ሳታውቁ አትጀምሩ

በወንጀል ሕጋችን (አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ ስራ ላይ የዋለው ከግንቦት 1997 ጀምሮ) አንቀጽ 629 ተመሳሳይ ፆታ ካለው ሰው ጋር የሚፈጸም ግብረ ስጋንና ለንጽህና ክብር ተቃራኒ የሆነ ድርጊትን በቀላል እስራት ይቀጣል። የሚቀጣው ድርጊትን ነው፣ ፊልም ማየት እዛ ውስጥ አልተጻፈም። ግን ሕጉ ላይ አልተጻፈም ማለት ሰፈር ያልፋችኋል ማለት አይደለም። በ2015 ክረምት (በእኛ አቆጣጠር) ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶ እየተለጠፈ ስንቱ ከቤቱ እንደወጣ ስንቱ እንደተደበደበ የምናስታውሰው ነገር ነው፣ ያ ሁሉ የሆነው በፍርድ ቤት ውሳኔ አልነበረም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ጥንቃቄ ሁሉ ዋናው ለሕጉ ሳይሆን ለሰው ነው።

2. ማንን ትጠራላችሁ

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው። ከዛ በላይ ከሆነ ቁጥጥሩ ከእጃችሁ ይወጣል። እያንዳንዱን ሰው በአካል አግኝታችሁ ንገሩት፣ ቴሌግራም ግሩፕ አትክፈቱ፣ ግሩፕ ስም አለው አባል አለው ስክሪንሾት አለው። ለሚመጣው ሰው ምን እንደሚታይ በግልጽ ንገሩት። «ና ፊልም እንይ» ብሎ ጠርቶ ሳያውቅ ማሳየት በጣም መጥፎ ነው፣ ሰውየው ይደነግጣል ወይ ይናደዳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መብቱ ነው ማወቁ። «አሜሪካና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ እንዴት ፍርድ ቤት እንደሄደ የሚያሳይ ዶክመንተሪ ነው፣ ከፈለግህ ና ካልፈለግህም ቅር አይለኝም» በቃ። ሲሰማ ፊቱ ከተለዋወጠ አትለማመጡት፣ ወሬውን ቀይሩት።

አንድ ሰው «ጓደኛዬን ይዤ ልምጣ?» ካለ መልሱ አይሆንም ነው፣ ምን ያህል የምታምኑት ሰው ቢሆንም። የምትወዱትን ሰው አይሆንም ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በተለይ ወሎ ውስጥ እንግዳ መመለስ ነውር ነው፣ ግን እዚህ ጋ እንግዳውን ያልጠራችሁት ክፍሉ ውስጥ ስላሉት ሰዎች ብላችሁ ነው።

ከሚመጡት መሀል ነገሩ በቀጥታ የሚመለከተው ሰው ሊኖር ይችላል። ታውቁ ይሆናል አታውቁ ይሆናል። ብታውቁም ለማንም አትናገሩ፣ «እሱ ስላለ ተጠንቀቁ» ብላችሁ ለሌላው ሹክ ማለትም መናገር ነው።

3. ቤቱ

አከራይ እዛው ግቢ የሌለበት ቤት ይመረጣል። ግቢው የጋራ ከሆነ ድምፅ ይሰማል፣ ልጆች ይገባሉ፣ ጎረቤት «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ በሩን ገፋ አድርጎ ይገባል። ደሴ ውስጥ በር አንኳኩቶ መግባት ብዙም የለመድነው ነገር አይደለም።

እና ቡና። ይሄን በጣም ልብ በሉት። እኛ ጋ ቡና ከተቆላ ሽታው ጎረቤት ይጠራል፣ እጣኑ ሲጨስ ደግሞ ያልተጠራውም ይመጣል፣ አቦል ላይ ያልደረሰ በረካ ላይ ይደርሳል። ይሄ ከባህላችን የምወደው ነገር ነው፣ ግን ለዛን ቀን አይሆንም። ቡናው ጠዋት ተፈልቶ ፔርሙዝ ውስጥ ይግባ፣ ወይ ሻይ ይሁን። ቁርሱ ቆሎና ድፎ ዳቦ ቢሆን ፆመኛውም ያልፆመውም እኩል ይበላል።

4. ቀንና ሰዓት

እሁድ ከሰዓት አሪፍ ነው። 7 ሰዓት ተኩል ጀምሩ፣ ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ቢሆን 9 ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ከዛ እረፍት፣ የሚሰግድ አስርን ይሰግዳል፣ ከዛ ወሬው እስከ 11 ሰዓት። ማታ አታድርጉት። ማታ ከሆነ ሰው ለመሄድ ይቸኩላል፣ ወሬው ይቆረጣል፣ ደግሞ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ካለ ሐረጎን በጨለማ መውረድ የለበትም፣ ክረምት ላይ ጉም ሲኖር በቀንም ያስፈራል። በረመዳንና በሁዳዴ ባታደርጉት ይሻላል፣ ሰው ሀሳቡ ሌላ ቦታ ነው።

ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ቆርቆሮ ጣራ ላይ የደሴ ዝናብ ሲወርድ ምንም ዓይነት ስፒከር አያሸንፈውም፣ ድምፁን ከፍ ብታደርጉ ዝናቡ ድንገት ሲያቆም ፊልሙ ሰፈሩን ሁሉ ያናውጣል። ክረምት ላይ ካሳያችሁ ኮርኒስ ያለው ክፍል ፈልጉ። በልግና በጋ ይሻላል። ጋቢ ያዙ፣ ደሴ ቁጭ ብለው ሁለት ሰዓት ከሆነ ብርዱ ይገባል፣ ኮምቦልቻ ከሆነ መጋረጃ ዘግታችሁ ስለምትቀመጡ ሙቀቱን አስቡበት።

5. ዕቃው

ለስምንት ሰው ፕሮጀክተር አያስፈልግም። 32 ኢንች ቲቪ ይበቃል፣ ፕሮጀክተር መከራየት ደግሞ «ለምንድነው?» የሚል ጥያቄ ያመጣል። ላፕቶፕ ላይ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪው ጋር አገናኙት እንጂ ፍላሽ ቲቪው ላይ አትሰኩ። ምክንያቱም የአማርኛ ሰብታይትል በብዙ ቲቪ ላይ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ላፕቶፑ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ስትከፍቱት ግን ይሰራል።

መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስቡ። ላፕቶፑ ቻርጅ ይሁን፣ ቲቪው ሲጠፋ ስምንት ሰው ተጠጋግቶ በላፕቶፑ መጨረስ ይችላል። ትንሽ ቻርጅ የሚደረግ ስፒከርም አዘጋጁ።

6. ትርጉሙ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ልፋት ያለው። እንዲህ ዓይነት ዶክመንተሪ ላይ ጠበቆች በጣም ፈጥነው ነው የሚያወሩት፣ እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰውም የፍርድ ቤት ቋንቋ ያመልጠዋል። ሦስት አማራጭ አለ።

አንደኛ፣ የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል ፋይል አግኝቶ መስመር በመስመር መተርጎም። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፣ ኖትፓድ ላይ ይከፈታል፣ ሰዓቱን ሳትነኩ ጽሑፉን ብቻ ትቀይራላችሁ፣ ሴቭ ስታደርጉ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 አድርጉ አለዚያ ፊደሉ ይበላሻል። የፋይሉ ስም ከቪዲዮው ስም ጋር አንድ ይሁን፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ። ጽሑፉ ከድምፁ ከቀደመ ቪኤልሲ ላይ ኤች የሚለውን ፊደል ስትጫኑ ያዘገየዋል፣ ከዘገየ ጂ ያፈጥነዋል። ለሁለት ተካፍላችሁ ብትሰሩት ይሻላል፣ ግን በመጨረሻ አንድ ሰው ሙሉውን አንብቦ ቃላቱን አንድ ያድርግ፣ አንዱ «ይግባኝ ሰሚ» ሌላው «የበላይ ፍርድ ቤት» እያለ ከሄደ የሚያየው ሰው የቱ ፍርድ ቤት እንደሆነ ይጠፋዋል።

ሁለተኛ፣ ድሮ ቪዲዮ ቤት የትርጉም ፊልም ላይ እንደነበረው ተራኪ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ድምፁን ቀነስ አድርጎ እያወራ መሄድ። ይሄ ቀድሞ ፊልሙን ያየ ሰው ይፈልጋል፣ ስሜቱን ጨምሮ እንዳይተረጉም ደግሞ ንገሩት። ተቃዋሚው ጠበቃ ሲያወራ በፌዝ ድምፅ ከተረጎመ ፊልሙ ተበላሸ።

ሦስተኛ፣ በየ15 ደቂቃው አቁሞ ማብራራት። ይሄ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን እንግሊዝኛ ለማይሰማ ሰው ከሁሉም የሚሻለው እሱ ይመስለኛል።

የትኛውንም ብትመርጡ የምትጠቀሙበት ቃል ስድብ አይሁን። ሰፈር ውስጥ የሚባለውን ታውቃላችሁ፣ እሱን ቃል ስክሪን ላይ የጻፈ ሰው ክፍሉ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው ላይ ምን እንዳደረገ አያውቅም።

7. ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት አስር ደቂቃ

ስልክ ሁሉ ጠፍቶ አንድ ቅርጫት ውስጥ ይግባና ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የባለቤቱም ጭምር። ፎቶ የለም፣ ስቶሪ የለም፣ «ዛሬ አሪፍ ጊዜ አሳለፍን» የሚል ፖስትም የለም።

ከዛ አጭር መነሻ ስጡ፣ ምክንያቱም ዶክመንተሪዎቹ ለአሜሪካ ተመልካች ስለሚሰሩ ብዙ ነገር ይታወቃል ብለው ያልፉታል። እኔ የምነግራቸው ይሄን ነው።

ነገሩ ድንገት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1970 (ከዚህ በታች ያለው ዓመትና ወር ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ጃክ ቤከርና ማይክል ማክኮኔል የሚባሉ ሁለት ሰዎች የጋብቻ ፈቃድ ጠይቀው ተከለከሉ፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 ፈረደባቸው፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1972 በአንዲት ዓረፍተ ነገር ዘጋው። ከዛች ዓረፍተ ነገር ያው ፍርድ ቤት በመላ አገሪቱ እስከፈቀደበት እስከ 2015 ውሳኔ 43 ዓመት ነው። በመሀል በ1996 ኮንግረስ ለፌደራል ሕግ ጋብቻ ማለት የወንድና የሴት ብቻ ነው የሚል ሕግ አወጣ፣ በ2003 የማሳቹሴትስ ፍርድ ቤት ፈቀደ፣ በ2008 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ከለከለ። የካሊፎርኒያውን ክልከላ ለመሻር አብረው የቆሙት ጠበቆች ቴዎዶር ኦልሰንና ዴቪድ ቦይስ ናቸው፣ እነዚህ ሰዎች በ2000 የቡሽና የጎር ምርጫ ክርክር ላይ ፊት ለፊት የተከራከሩ ናቸው፣ ኦልሰን ወግ አጥባቂ ነበር። ይሄን ስትናገሩ ሰው ቀና ይላል።

ዶክመንተሪዎች ላይ የችሎቱ ምስል ለምን እንደማይታይም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የካሊፎርኒያው ክስ በጥር 2010 ሲሰማ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቪዲዮ እንዳይተላለፍ ከለከለ፣ ራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ካሜራ አያስገባም፣ የቃል ክርክሩን በድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ሰዎች የችሎት መዝገብ ሲያነቡ፣ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ሲለማመድ፣ ደረጃ ላይ ሰው ሲጠብቅ ነው የምታዩት።

8. የት ጋ ታቆማላችሁ

ብዙ አታቁሙ። ግን የጂም ኦበርገፌልና የጆን አርተር ታሪክ ያለበት ፊልም ከሆነ እሱ ላይ አቁሙ። ሁለቱ ኦሃዮ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ አብረው የኖሩ ናቸው። ጆን ነርቭን በሚያደክም በማይድን በሽታ አልጋ ላይ ነበር። ኦሃዮ ስለማያጋባቸው በሐምሌ 2013 የሕክምና አውሮፕላን ተከራይተው ሜሪላንድ ሄዱ፣ ጆን መነሳት ስለማይችል ከአውሮፕላኑ ሳይወርድ፣ አውሮፕላኑ አስፋልቱ ላይ እንደቆመ ተጋብተው ተመለሱ። ከዛ ክሱ ምን ነበር? ጆን ሲሞት የሞት ሰርተፍኬቱ ላይ «ያገባ» ተብሎ የጂም ስም የትዳር ጓደኛ ተብሎ እንዲጻፍ ነው። ገንዘብ አይደለም የጠየቁት። ጆን በዛው ዓመት በጥቅምት ሞተ፣ ጂም ቀጠለ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2014 ፈረደበት፣ ከኬንታኪ፣ ከሚሺጋንና ከቴነሲ ከመጡ ክሶች ጋር ተጣምሮ ሰኔ 26 ቀን 2015 በ5 ለ4 ተፈረደለት።

እዚህ ጋ አቁማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የጋብቻ ሰርተፍኬት እኛ ጋ ምን ያደርጋል? ሰው ራሱ ይዘረዝረዋል። ባል ሲሞት ሚስት ቀበሌ ሄዳ ምን እንደምትጠየቅ፣ ውርስ ላይ የሟች ወንድሞች ሲመጡ ወረቀት የሌላት ሴት ምን እንደሚደርስባት፣ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ሲባል ማን እንደሚፈርም። ደሴ ውስጥ ይሄን የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ከዛ በኋላ የኢዲት ዊንድሰርን ጨምሩበት፦ ካናዳ ሄዳ ያገባቻት ሴት ስትሞትባት የአሜሪካ መንግስት ጋብቻሽን አላውቀውም ብሎ 363,053 ዶላር የውርስ ግብር አስከፈላት፣ ከስሳ በ2013 አሸነፈች። አንድም ሰው ስለ ፓለቲካ ሳያወራ ነገሩ ይገባዋል።

9. ውይይቱ

አንድ ሰው ይምራ፣ የሚመራው ሰው ብዙ የማያወራ ይሁን። ሕጉ ሁለት ነው፦ ስለ ፊልሙ ነው የምናወራው፣ እና ማንም ማንንም «አንተስ?» «አንቺስ?» አይልም። «ለምንድነው እስካሁን ያላገባኸው» የሚለውም እዛው ውስጥ ነው፣ ተራ ጥያቄ ይመስላል ግን አይደለም።

ሃይማኖት ይነሳል። መነሳት አለበት፣ ወሎ ነን። የሚናገረውን ሰው አታቋርጡት፣ ሸኽ የቀራ ይኑር ዲያቆን ይኑር ያመነበትን ይናገር። ግን ሁለት ጥያቄዎችን ለዩ፦ ሃይማኖቴ ስለ ጋብቻ ምን ይላል የሚለውና መንግስት ምን ይመዝግብ የሚለው። አሜሪካ የተከሰሰው መንግስት ነው፣ ቄስ ወይ ኢማም ያጋባ ተብሎ የተፈረደ የለም፣ የ2015ቱ ውሳኔም የሃይማኖት ሰዎች እምነታቸውን ማስተማር እንደሚቀጥሉ በግልጽ ጽፏል።

የተሸነፈውን ወገንም ክርክር አቅርቡ፣ ይሄን አትዝለሉት። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በልዩነት የጻፈው ሀሳብ፣ ነገሩ ጥሩም ይሁን መጥፎ መወሰን ያለበት ሕዝቡ እንጂ ዳኞች አይደሉም የሚል ነው። ጠንካራ ክርክር ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጥቅምት 2023 ይሄ የፓርላማ ስራ ነው ብሎ አልፈቀደም። ሰው በዚህ ላይ ይከራከር። እኔ በበኩሌ ትንሽ ቁጥር ያለው ሰው መብቱን በድምፅ ብልጫ ይጠብቅ ማለት ፍትህ አይመስለኝም፣ ይሄንንም ስናገር አልደብቅም፣ ግን የሚቃወመኝ ሰው እኩል ጊዜ ማግኘት አለበት።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል መምጣቱ አይቀርም። ያኔ ደቡብ አፍሪካን አንሱ። የ1996 ሕገ መንግስታቸው አንቀጽ 9 ሰውን በፆታዊ ዝንባሌው ምክንያት ማግለልን ይከለክላል፣ ከአፓርታይድ የወጡ ሰዎች ናቸው የጻፉት። ማሪ ፎሪና ሴሴሊያ ቦንቲስ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ከስሰው በታህሳስ 1 ቀን 2005 የሕገ መንግስት ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው፣ ውሳኔውን የጻፈው አልቢ ሳክስ ነው፣ በአፓርታይድ ጊዜ በቦምብ ክንዱን ያጣ ሰው። ፍርድ ቤቱ ግን ወዲያው አላጋባም፣ ለፓርላማው አንድ ዓመት ሰጠ፣ ፓርላማውም በ230 ለ41 አጸደቀና አንድ ዓመቱ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ሕግ ሆነ። ይሄ የፍርድ ቤትና የፓርላማ ነገር ከሮበርትስ ክርክር ጋር ስለሚገናኝ ብዙ ያወያያል።

ወሬው ወደ ስድብ ከሄደ መሪው ያቁመው። «ሻይ ይቀዳ» ማለት በቂ ነው፣ ሁሉም ይገባዋል። አንድ ሰው ሲያለቅስ ወይ ድንገት ተነስቶ ሲወጣ አትከተሉት፣ አንድ የሚቀርበው ሰው ብቻ ትንሽ ቆይቶ ይውጣ። «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ሰው ፊት መጠየቅ የለም።

10. ሲያልቅ

አንድ ላይ ግር ብላችሁ አትውጡ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በየአስር ደቂቃው። የኮምቦልቻ ልጆች ቀድመው ይሂዱ። ፋይሉን ከላፕቶፑ አጥፉ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ፣ ቪኤልሲ ላይ በቅርብ የተከፈቱ የሚለውን ዝርዝር ክሊር በሉት። ሰብታይትሉን ግን ፍላሽ ላይ አስቀምጡት፣ የተለፋበት ነው፣ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ይጠቀምበታል። የተርጓሚ ስም አይጻፍበት።

በማግስቱ እያንዳንዱን ሰው ደውሉለት። ስለ ፊልሙ በስልክ አታውሩ፣ «በሰላም ገባህ ወይ፣ እንዴት አደርክ» ብቻ። ድምፁ ልክ ካልመሰላችሁ በዛው ቀን ፒያሳ ወይ መናፈሻ አካባቢ አግኙትና ሻይ ጠጡ፣ እሱ ካላነሳው እናንተም አታንሱት።